የጥቅምት ዕቃ

እናቴን በተሰበረ ሳህን ሻይ ባጠጣች ሴት ላይ ለሃያ ዓመት ያህል ቂም ይዤ ኖሬያለሁ። ቂሜ ሥራ የሚያስፈታ ዓይነት አልነበረም። ትምህርቴን ተማርኩ፣ የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆንኩ፣ ሮም ውስጥ የሰው አፍ እያስከፈትኩ ኑሮዬን እገፋለሁ። ግን የጃፓን ነገር በተነሣ ቁጥር፣ ሰው ስለ ጨዋነታቸውና ስለ ትሕትናቸው ሲያወራ፣ በሆዴ "እናንተ አታውቋቸውም" እላለሁ። የማውቀው አንዲት ጃፓናዊት ብቻ ነበር። እሷንም ቢሆን አላውቃትም ኖሯል።

ያን ጊዜ ሁሉ "እሷ" እያልኩ ነው የማወራው። አሁን "እሳቸው" ልበል፤ እናቴ ድሮም እንደዚያ ነበር የምትላቸው።

ሲኞራ ቶሚኮ ይባላሉ። ባላቸው ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነበር፤ ሲሞት ቪያ ሜሩላና ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሰፊ ቤት ትቶላቸው ሄደ። ልጅ አልነበራቸውም። የቤቱን አንድ ትልቅ ክፍል ወለሉን ከፍ አስደርገው፣ ሰሌን አንጥፈውበት፣ ለጣሊያን ሴቶች የአገራቸውን የሻይ ሥርዓት ያስተምሩ ነበር። እናቴ ዘርፈሽዋል ደግሞ የቤቱ ፊሳ ነበረች። ፊሳ ማለት እዚያው እያደረች የምትሠራ ማለት ነው፤ የሮም ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ቃል ነው።

እኔ ከአዲስ አበባ የመጣሁት በሰባት ዓመቴ ነው። እናቴ ያኔ የምትሠራበት ቤት ልጅ አይቀበልም ነበር፤ ስለዚህ በመጣሁ በሳምንቱ ከከተማ ወጣ ያለ የመነኩሲቶች ኮሌጆ፣ ማለትም አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ውስጥ አስገባችኝ። ብዙ ፊሳ እናቶች ልጆቻቸውን የሚያስቀምጡት እንደዚያ ዓይነት ቦታ ነው። እሑድ ጠዋት መጥታ ትወስደኛለች፣ ማታ ትመልሰኛለች። የተቀቀለ ጎመን ሽታ፣ የብረት አልጋ፣ ቀዝቃዛ አንሶላ። አንድ ሌሊት አልጋዬ ላይ ሸናሁ፤ በማግስቱ አንሶላዬ ሁሉም ልጅ በሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ተሰጣ። አሁን ሳስበው መነኩሲቶቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ ማሰጫ ገመዱ ያለው እዚያ ስለነበረ ይሆናል። ያኔ ግን የተሰጣሁት እኔ ነበርኩ።

ከአንድ ዓመት በኋላ እናቴ ሲኞራ ቶሚኮን አገኘች። ልጅ እንዳላት ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ሲኞራ ብዙም አላሰቡ፤ ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አምጪያት አሉ። በዚያ ጥር ከእናቴ ጋር በአንድ አልጋ መተኛት ጀመርኩ፣ እናም በራሴ አንድ ሕግ ደነገግሁ፦ እዚህ ቤት እስካለን ድረስ ከእናቴ ጋር ነኝ፤ ከዚህ ቤት ከወጣን ወደ ኮሌጆ እመለሳለሁ። ይህን ማንም አልነገረኝም። ግን እንደ ጸሎት ነበር የምደግመው።

የሰሌኑ ክፍል ያኔ ክረምቱን ለብሶ ነበር። መሐል ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ አለ፤ ምድጃው እዚያ ውስጥ ተቀብሯል፣ በላዩ የብረት ማሰሮ ተጥዶ ውሃው ቀስ ብሎ ይንሾካሾካል። ከሰሉ እውነተኛ አልነበረም፤ የሕንጻው ነዋሪዎች ጭስ ስለማይፈቅዱ አመዱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተደብቆ ነበር። እኔ ግን አመድ ካለ እሳት አለ ብዬ አምኜ እጄን አላስጠጋም። ሻዩ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ ሙቅ ውሃ ይፈስበትና በቀርከሃ መምቻ ተመትቶ አረፋ ያወጣል። በብርዱ ወራት የሚቀርበው ጠበብ ረዘም ባለ ጎድጓዳ ሳህን ነው፣ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወጣ። መጀመሪያ ሲያቀምሱኝ ሣር ያኘክሁ መሰለኝ። መነኩሲቶቹ ትዝ ሲሉኝ ዋጥ አደረግሁት።

ፀሐይ መሞቅ ስትጀምር አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጉድጓዱ የለም። በሰሌን ተደፍኗል። በምትኩ የነሐስ ማንደጃ ወለሉ ላይ፣ ከእንግዳው ራቅ ብሎ፣ ተቀምጧል። እሳት በሙቀት ወራት ከእንግዳ ይሸሻል፣ በብርድ ይቀርባል፤ ሲኞራ እንዲህ አሉኝ። ከማንደጃው ጋር ጭልፋው ተለወጠ፣ ማሰሮው ተለወጠ፣ የጣፋጩ ሳህን ሳይቀር ተለወጠ። እናቴ ሣጥን ስታወጣና ስታስገባ ዋለች። ሐሙስ፣ የእረፍት ቀኗ፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ውስጥ ይህን ለጓደኛዋ ለኣስገደት ስትነግራት ኣስገደት በርበሬ እያሸተተች ሳቀች። ኣስገደት አሥመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ቀልድ የማታጣ ሴት ናት። ለአንድ ሰው ሻይ ይህ ሁሉ ዕቃ ከወጣ፣ እኛ አገር ሦስት ሙሽራ ይዳርበታል አለች።

በጋው ሲከር ዝርግ ዝርግ ሳህኖች ወጡ፤ ሻዩ ቶሎ እንዲበርድ። የቀዝቃዛ ውሃው ገንቦ ክዳኑን አጣና በክዳን ፈንታ ሰፊ ቅጠል ተደረገበት። በጃፓን የታወቀ ቅጠል አለው አሉ፤ ሮም ስለሌለ ሲኞራ ከሕንጻው ግቢ የበለስ ቅጠል ያስቆርጡኝ ነበር። በረኛው እየተቆጣ እኔ እየሮጥኩ። ቅጠሉ ላይ ውሃ ረጭ ይደረግበታል፣ ጠብታው እንግዳው ፊት እንዲያበራ። ከዚያ ሲኞራ ቅጠሉን አጠፍ አጠፍ አድርገው ወደ ጎን ያስቀምጡታል። እኔ ይህን ስመለከት ሆዴ ውስጥ ቅዝቃዜ ይሰማኝ ነበር፣ ደስ የሚል ቅዝቃዜ።

በዚያ በጋ ብዙ ነገር አስተማሩኝ። ተንበርክኮ መቀመጥ፣ ሐር ጨርቅ ማጠፍ፣ ሳህን በሁለት እጅ ተሸክሞ የሰሌኑን ጠርዝ አለመርገጥ። ጉልበታቸው እምቢ ያላቸው የጣሊያን ሴትዮዎች ሲሳሳቱ ሲኞራ "ሔራንን እዩ" ይሏቸዋል። ሁሉም ዞረው ያዩኛል። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ነበር፤ ብቸኛ አሮጊት ከልጅ ጋር ጊዜ ስታሳልፍ። ጨዋታ እንዳልነበረ አሁን አውቃለሁ። ለጨዋታ ያን ያህል ደጋግሞ የሚያርም ሰው የለም።

አንድ ከሰዓት እናቴ ያጠበቻቸውን ሳህኖች መደርደሪያ ላይ ስትመልስ አይቼ አረምኳት። የሻይ ሳህን ፊት አለው፤ ፊቱ ወደ ውጭ ነው መዞር ያለበት። "እንዲህ አይደለም ማሚ፣ ፊቱ ወደዚህ ነው" አልኳት፣ በጣሊያንኛ፣ ልክ በሲኞራ ድምፅ። እናቴ ሳህኑን አንሥታ ፊቱን አዞረችው። የረዳኋት መስሎኝ እኔም ደስ አለኝ።

መስከረም ሲጠባ እናቴና ኣስገደት አዲስ ቀሚስ ገዙልኝ። በዓሉን ኣስገደት ቤት ዋልን። በእኛ ልማድ መስከረም ምን እንደሆነ ማንም ሰው ያውቃል፤ ያለው ይገዛል፣ የሌለው ያጥባል፣ አሮጌው ወደ ጓዳ ይገባል። ከዚያ በዓል ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ሰው ወደ ሲኞራ ቤት መጣ። ሱፍ ለብሷል፣ የቆዳ ቦርሳ ይዟል። ሳሎን ውስጥ ቆሞ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ሳህኖች አየ፣ ከዚያ እኔን አየ፣ ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ሲኞራ እናቴንም ጠርተው ሦስቱ ክፍል ዘግተው ተቀመጡ። ጆሮዬን በሩ ላይ ጣል አደረግሁ። የሰውየው ድምፅ ረጅም ነው፣ የሲኞራ አጭር ነው፣ የእናቴ ግን ጭራሽ አይሰማም። ሲወጡ እናቴ ወደ ወጥ ቤት ገባች። የዚያን ቀን ወጡ ጨው አልነበረውም፤ ሲኞራም እንደዚያው በሉት።

ከዚያ በኋላ ነው መልካም መልካሙ ዕቃ የጠፋው። የበለስ ቅጠሉ ገንቦ፣ ዝርጎቹ ሳህኖች፣ የሚያብረቀርቀው የነሐስ ማንደጃ ተጠቅልለው ሣጥን ገቡ። በምትካቸው የወጣውን ሳይ ደነገጥኩ። አንድ የብረት ማንደጃ፣ ዝገት የበላው፣ ከንፈሩ የተቆረሰ። ጎኑ ሌላ ሸክላ የተለጠፈበት ሳህን። ከሁሉም የከፋው አንድ ግራጫ ሳህን ነበር፤ ለሁለት ተሰንጥቆ ስንጥቁ በብረት ሽቦ ተሰፍቷል፣ ያደግሁበት ጉለሌ አክስቴ ቤት የተሰነጠቀ ቅል በጠፍር እንደሚሰፋው። ይህን ሳህን ሲኞራ እናቴን አያሳጥቧትም፤ ራሳቸው ያጥቡታል፣ ራሳቸው ያደርቁታል። ድህነታቸውን እናቴ እንዳታይባቸው አፍረው ነው አልኩ።

ሒሳቡ ቀላል ነበር። ሣጥን የገባውን ደህና ደህናውን ዕቃ ቦርሳ የያዘው ሰው ገዝቶታል። ሲኞራ ደኸይተዋል። የደኸየ ሰው ሠራተኛ አይቀጥርም። ሠራተኛዋ ከወጣች ልጇ ኮሌጆ ትገባለች። ለስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ የጠራ ሒሳብ የለም፤ ስህተቱ ከመጀመሪያው መስመር ነበር እንጂ። ሰውየው ጠበቃ ነበር፣ አንድም ሳህን አልገዛም።

ፍርሃቴን ያጸናልኝ እናቴና ኣስገደት ያወሩት ነው። ሐሙስ ቀን ቪያ ቮልቱርኖ ስልክ ቤት ወደ አዲስ አበባ ደውለን ስንወጣ ኣስገደት ሥጋ ልትገዛ አብራን መጣች። በጥቅምት አንድ አጥንት እያለች እንደ ልማዷ ልታስቀን ሞከረች፤ እናቴ አልሳቀችም። ከዚያ ድምፃቸውን ቀነሱ። መውጣታችን ነው አለች እናቴ፣ ሌላ መንገድ የለም። ኮንትራቴስ፣ ፔርሜሶዬስ እያለች እጇን ታፍተለትላለች፤ የመኖሪያ ፈቃዷ የሚታደሰው በዚያ ሥራ ውል ነው። ኣስገደት ቅል በአገሩ ድንጋይ ይሰብራል፣ እዚህ ማን ይሰማናል፣ ዛሬ ነገ ሳትዪ እኔ ጋ ግቢ አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና ስለ ሥጋው ዋጋ ማውራት ጀመረች።

አውቶቡስ ውስጥ እናቴን ጠየቅኳት። "ኮሌጆ ልትመልሺኝ ነው?"

እናቴ በሁለት እጇ አቀፈችኝ፤ አጥንቴ እስኪያመኝ። "ማንም አይወስድሽም" አለች። እኔ ስለ መነኩሲቶቹ የምታወራ መሰለኝ።

በሳምንቱ፣ አንድ እሑድ፣ ተማሪ በሌለበት ቀን፣ ሲኞራ እናቴን ሽርጧን እንድታወልቅ ነገሯት። እኛን ሁለታችንን ሰሌኑ ክፍል አስገቡን። እናቴን ከግድግዳው ጌጥ ፊት፣ የመጀመሪያው የክብር እንግዳ በሚቀመጥበት ቦታ አስቀመጧት። ያ ቦታ የእሷ ሆኖ አያውቅም፤ እሷ ውሃ ቀድታ፣ አመድ ነፍታ፣ ወጥታ በር የምትዘጋ ናት። እኔ ከጎኗ ተቀመጥኩ። የዛገው ማንደጃ ከወትሮው ቦታ ተነሥቶ ወደ እኛ ቀርቧል። በቅርጫት ውስጥ አበባ አለ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት፣ ሰገነት ላይ ከወቅቱ የተረፈ፣ ግማሹ ጠውልጓል። ለአበባ መግዣም አጡ አልኩ በልቤ።

ካስታኛ ከሚሉት ፍሬ የተሠራ ጣፋጭ ሰጡን። ከዚያ ሳህኑን ይዘው ገቡ። ያንን የተሰፋውን።

ጉለሌ አክስቴ ቤት የሠራተኛዋ ስኒ ጆሮው የተሰበረ ነበር። ከእኛ ስኒዎች ጋር አይቀመጥም፤ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተደፍቶ ይውላል። ስለዚያ ስኒ አንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም፣ ግን የማን እንደሆነ የሦስት ዓመት ልጅም ያውቃል። ሲኞራ ሻዩን መትተው የተሰፋውን ሳህን እናቴ ፊት ሲያኖሩት እኔ ያየሁት ያንን ስኒ ነበር። ሊያባርሯት ነው፣ ከማባረራቸው በፊት ደግሞ ቦታዋን ሊያሳዩዋት።

"ማሚ፣ በተሰበረ አትጠጪ" አልኳት በአማርኛ።

"ዝም በይ።"

ሲኞራ ቀና ብለው ልጅቷ ምን አለች ብለው ጠየቁ። እናቴ ጣፋጩን ወደደችው አለቻቸው። ከዚያ ሳህኑን በሁለት እጇ አነሣች፣ ፊቱን ከራሷ ወዲያ አዙራ፣ ሥርዓቱን ሳታጓድል ጠጣች። ይህን መቼ እንደተማረች አላውቅም። ለካ ውሃ ስትቀዳና አመድ ስትነፋ ታይ ነበር። ጠጥታ ስትጨርስ ሳህኑን አስቀምጣ፣ ግንባሯ ሰሌኑን እስኪነካ ሰገደች። ሲኞራም ሰገዱ። ሲቃኑ የሁለቱም ዓይን ቀልቶ ነበር። የተዋረደች ሰው ለምን ታመሰግናለች ብዬ እኔም አለቀስኩ፣ በንዴት።

ሲኞራ ያን ቀን የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። "የዘንድሮው ሻይ አለቀ" አሉ። ይኸው፣ ሻዩም ሳይቀር አለቀ አልኩ።

ማክሰኞ ወጣን። ሲኞራ በር ላይ ቆመው ለእናቴ አንገታቸውን ደፉ። እኔን አልሳሙኝም። ሊፍቱ ሳይደርስ በሩን ዘጉ፤ ይህን ከሁሉ በላይ ቆጠርኩባቸው። ሊፍቱ እስኪመጣ እኔን ቆመው ማየት እንዳልቻሉ ለመገመት እኔ ራሴ ሰው መውደድና ማጣት ነበረብኝ።

ኮሌጆ አልገባሁም። ቲቡርቲና አጠገብ ኣስገደት ቤት ገባን፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ መጸዳጃ፣ መስኮቱ ከባቡር ድምፅ ጋር የሚንቀጠቀጥ። እናቴ ቢሮና ደረጃ ማጽዳት ያዘች፣ ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ፈቃዷ ሳይታደስ ቆይቶ እስክታገኘው ድረስ ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ ትሻገር ነበር። እጇ በማጽጃ መድኃኒት ተላጠ። ያን እጅ ባየሁ ቁጥር ሲኞራ ቶሚኮን እረግማለሁ። ትልቅ ከሆንኩ በኋላም ሰው ፊት አወራዋለሁ፦ እናቴን በተሰበረ ሳህን አጠጥታ ያባረረች ሴት ነበረች እያልኩ። እናቴ ካለች ተነሥታ ወደ ጓዳ ትገባለች። ውርደቷን እያስታወስኳት መስሎኝ አንዳንዴ እተወዋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት አብራኝ የምትሠራው ማርያ የሻይ ሥርዓት መማር ጀምራ ነበርና ካልመጣሽ ብላ ለመነችኝ። እምቢ ማለት ሰልችቶኝ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ገብቼ ቁጭ እንዳልኩ ፊት ለፊቴ ዝገት የበላው፣ ከንፈሩ የተቆረሰ ማንደጃ አየሁ። አስተማሪዋ ወጣት ሮማዊት ናት፤ ረጋ ብላ አስረዳች። የሻይ ቅጠል በፀደይ ተለቅሞ በእንስራ ይታሸጋል፣ የሚከፈተው ከጥቅምት በኋላ ምድጃው ወለል ውስጥ ሲመለስ ነው። ስለዚህ ይህ ወር ያለፈው ዓመት ሻይ እንጥፍጣፊ የሚጠጣበት የስንብት ወር ነው። የተጠገነ፣ የተሰፋ፣ ያረጀ ዕቃ የሚወጣውም ለዚህ ነው፤ ቢሰበርም ሊጣል ያልቻለ፣ ባለቤቱ እጅግ የሚሳሳለት ዕቃ። እሳቱም ብርዱ ስለገባ ወደ እንግዳው ይጠጋል። እኛ አሮጌውን በምንደብቅበት ወቅት እነሱ አሮጌውን አክብረው ያወጣሉ። ለሠራተኛ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ጥያቄው አልገባትም።

ከዚያ በቀጥታ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ልብስ ትተኩስ ነበር፤ ጡረታ ወጥታም የራሷን አንሶላ ሳትተኩስ አትተኛም። ያየሁትንና የሰማሁትን ነገርኳት። በሳህኑ ተሳስቼ ኖሯል፣ ሆኖም ማባረራቸው ማባረር ነው አልኩ።

ካውያዋን ነቀለች። "ማን አባረረን?"

"ሲኞራ ናቸዋ።"

"እኔ ነኝ የወጣሁት። እሳቸው አንቺን እንድተውላቸው ነበር የጠየቁኝ።"

ቁጭ አልኩ። እናቴ ቆማ ነገረችኝ፣ አንሶላውን እያጠፈች። ቦርሳ የያዘው ሰው የሲኞራ አቮካቶ ነበር። አፊዶ የሚሉት ነገር አለ፤ እናት ልጇን በሕግ ሌላ ሰው እንዲያሳድግላት የምትሰጥበት። ሲኞራ ሊያስተምሩኝ፣ የራሴን ክፍል ሊሰጡኝ፣ ያን ሁሉ ዕቃ በስሜ ሊያደርጉ አሰቡ። ለእናቴም ሌላ ቤት ደህና ሥራ ተገኝቶላት ነበር። በአንድ ቤት ውስጥ ልጅ የቤቱ ልጅ ሆና እናት ሠራተኛ ብትሆን አይገባም አሉ። እናቴ ሐሙስና እሑድ እየመጣች ታየኛለች።

"ክፉ ሰው አልነበሩም" አለች። "ክፉ ቢሆኑማ ቀላል ነበር። ከልባቸው ነው ያሰቡልሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሺ ልል ነበር። አሰብኩት። እኔ ጋ ምን አለሽ? ደረጃ ማጽዳት።"

እምቢ ያስባላት እኔው ነበርኩ። ሳህኑ ፊቱ ወደዚህ ነው ያልኳት ቀን ትዝ ብሏት። ዛሬ ሳህን ታርመኛለች፣ ነገ አነጋገሬን፣ ከነገ ወዲያ ሰው ፊት እናቴ ናት ማለት ይከብዳታል ብላ። እምቢ ብላም እዚያ ቤት መቆየት አልቻለችም፤ ሕጉ ለእነሱ ይፈርዳል ብላ ፈራች። እምቢ ስትላቸው ሲኞራ ተቀበሉ። ከዚያ ሽርጥሽን አውልቂ አሉ። የተሰፋው ሳህን የአስተማሪያቸው ነበር፤ ለተማሪዎቻቸው አቅርበውት አያውቁም፣ በየጥቅምቱ ብቻቸውን ይጠጡበት ነበር። ይህን ለእናቴ አስቀድመው ወጥ ቤት ውስጥ ነግረዋታል። እኛ ከወጣን በኋላ ቤቱን ሸጠው አገራቸው ገቡ፤ ከአንዷ ተማሪ እንደሰማችው እዚያው አርፈዋል። ዕቃው የት እንደደረሰ አታውቅም።

"እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ስሰድባቸው ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ምን ልበልሽ? ሴትዮዋ ወደደችሽ፣ እኔ ከለከልኩሽ ልበልሽ?"

አንጀቴን በላችው። ጓዳ እየገባች ያሳለፈቻቸው ዓመታት አንድ በአንድ መጡብኝ፣ እኔ ለውርደቷ የቆምኩ እየመሰለኝ ቁስሏን ስነካካ።

አንሶላውን ቁም ሳጥን አስገባች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ "ያኔ ብጠይቅሽ ማንን ትመርጪ ነበር?" አለች። ድምፅዋ የተራ ጥያቄ ድምፅ ነበር። ግን ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ይዛው እንደኖረች ከአቋቋሟ አየሁ።

ያቺን የስምንት ዓመት ልጅ አውቃታለሁ። ሲኞራን ነበር የምትመርጠው። እናቷን ስለማትወድ አይደለም፤ ከዚያ ቤት መውጣት ኮሌጆ ነው ብላ በራሷ ሕግ ስላመነች ነው። ደግሞም ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ደስ ይላት ስለነበረ ነው። ሳታመነታ ትመርጣቸው ነበር፤ ከዚያ ዕድሜ ልኳን ትጸጸት ነበር።

"አንቺን ነዋ" አልኳት፣ ትንሽ ዘግይቼ።

እናቴ ዞር ብላ ፊቴን አየችው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስዋሽ ታውቅብኛለች።

"ለዚህ ነው ያልጠየቅኩሽ" አለች።